የኮሎኔሉ ቤት ዘበኛ

ቻው ብሎ ነው የዘጋው። ቻው ብቻ። ዋለልኝ አልጋው ላይ ይገላበጣል፤ ከሌሊት ሥራ ገብቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ጥቁሩን ወፍራም መጋረጃ ስቦ ከተኛ ቆይቷል፣ ይህ መተኛት ከተባለ፤ ውጭ ቀትር ነው፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ፀሐይ ደግሞ ቀዳዳ አታጣም፣ በመጋረጃውና በግድግዳው መሐል ሾልካ ዐይኑ ላይ ትቆማለች፣ ዞር ሲል ዞራ ትጠብቀዋለች። ከታች ያ ሣር አጫጅ ሞተሩን በጀርባው አዝሎ ቅጠል በነፋስ ያባርራል፤ ሁለት ቅጠል ለማባረር ይህን ሁሉ ጩኸት፣ መጥረጊያ የሚባል ነገር እዚህ አገር አልደረሰም እንዴ፤ ከዚያ ወዲያ ለአዲሱ ባቡር መንገዱን የሚቆፍሩት፣ እሱ እዚህ ሕንፃ ሲገባ እየቆፈሩ የነበሩት፣ ዛሬም እየቆፈሩ ነው። ግን ሐሰት አይወራም፤ እንቅልፍ የነሳው ሞተሩም ፀሐይዋም አይደሉም። ጠዋት ከወንድሙ ጋር ያወራው ነገር ነው። ሲራክ ከደሴ ሆኖ፣ የሕመምተኛ ቤተሰብ በሚያረጋጋበት በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ፣ ጋሼ ወስኛለሁ፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ መኪናው ይነሳል፣ የቀረኝ ያንተ ምርቃት ብቻ ነው አለው። ዋለልኝ ቆይ እደውላለሁ አለ፣ ቻው አለ፣ ዘጋ። በእነሱ ቤት ስልክ እንዲህ ተዘግቶ አያውቅም።

የእነዋለልኝ ቤት ሰው ሳይመራረቅ አይለያይም። አባታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሱቅ ተልኮ የሚወጣን ልጅ እንኳ እግዚአብሔር ይከተልህ፣ በሰላም ያግባህ ሳይሉ ከደጃፍ አያሳልፉም ነበር፤ ልጁ አሜን ሳይል ከሮጠ ተጠርቶ ይመለሳል፣ አሜን ብሎ ይወጣል። ለሱቅ ነው እኮ አባባ ሲባሉ፣ ምርቃት ትንሽ ትልቅ የለውም፣ የሚሰማው አንድ ነው ይላሉ። ልማዱ ከዋለልኝ ጋር ውቅያኖስ ተሻግሯል። አንድን ይጫኑ ሁለትን ይጫኑ ተብሎ፣ ስንት ሙዚቃ ሰምቶ ያገኛት የጤና ኢንሹራንስ ልጅ፣ ጉዳዩን ሳትፈጽምለት ልትዘጋበት ስትል እንኳ አፉ አላስችል ብሎት እግዜር ይከተልሽን በእንግሊዝኛ ቢያወርድላት፣ ማን ነው የሚከተለኝ ብላ ደነገጠች፣ ሱፐርቫይዘር ልጥራ ወይ አለችው። ወደው አይስቁ። አፉ እንዲህ የተፈታ ሰው ነው እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ለገዛ ወንድሙ ቻው ያለው፤ ምርቃቱ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር፣ በጥርሱ ነክሶ አስቀረው። ከሰጠው ልጁ ይሄዳላ።

አባታቸው ሲሞቱ ሲራክ ገና የወተት ጥርሱን የሚነቅል ልጅ ነበር፤ ዋለልኝ ጺም አብቅሏል። ለቀስተኛው ተበትኖ ድንኳኑ ሲፈርስ እናታቸው የልጁን እጅ ይዛ አምጥታ እጁ ውስጥ አኖረችና ከእንግዲህ አባቱ አንተ ነህ አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ዲቪ ደረሰው፣ መጣ፣ የሆቴል አንሶላ ቀየረ፣ ክሪስታል ሲቲ ምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ቆረጠ፣ ትምህርት እገባለሁ እንዳለ ትምህርቱ በደጁ አለፈ፣ ትዳርም አለፈ፤ ሲራክ ግን ገባ፣ ተማረ፣ ሐኪም ሆነ። ነጭ ጋውን ለብሶ የተነሳው ፎቶ ፍሪጁ በር ላይ አለ፣ የያዘው ማግኔት የፒዛ ቤት ነው። ስካይላይን በሚሉት ሰፈር የሚኖሩት ያገሩ ልጆች ሰው ሲያስተዋውቁት ዋለልኝ አይሉም፣ የዶክተሩ ወንድም ነው ይላሉ፤ ደስ ይለዋል፣ ለምን ይዋሻል፣ ከገዛ ስሙ ይልቅ ደስ ይለዋል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ እሱ ያለው አንድ ዓይን ሲራክ ነው፤ ያ ዓይን አሁን በገዛ እግሩ ተነስቶ ወደ አፈሩ ልሂድ ይላል፣ መርቀህ ሸኘኝ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው የመጣው። ሲራክ፣ በቅርቡ ለቆ ደሴ እናቱ ዘንድ እስኪገባ ድረስ፣ ቆላ ወርዶ በአንዲት የወረዳ ሆስፒታል ይሠራ ነበር፤ ጓንት ሲኖር ክር የለም፣ ክር ሲኖር መብራት የለም፣ መብራት ሲመጣ ማደንዘዣው አልቋል፤ አብረውት ከተማሩት አንዱ ዱባይ ነው፣ አንዱ ሕክምናውን ትቶ ሲሚንቶ ይነግዳል። ግንቦት ላይ አንዲት ወላድ ደም ጠፍቶ እጁ ላይ ሞተች። ደም ፍለጋ የሄደው መኪና ሲመለስ ቀብሯ አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ የልጁ ድምፅ ተለወጠ፤ ስልክ ሲያነሳ ደህና ነኝ ይላል፣ ደህናነቱ ግን የለም። የጦሩ ሰዎች የመጡት በዚህ መሐል ነው፤ ሐኪም እንፈልጋለን፣ የመቶ አለቃ ማዕረግ አለ፣ የመስክ ሆስፒታል አለ፣ መድኃኒት በሽ በሽ ነው አሉ። ሲራክ ይህን ሲያወራ ስለ ማዕረጉ አንድ ቃል አይናገርም፣ ስለ ክሩ ነው የሚያወራው። ሐኪም ሆኜ ነው የምገባው ጋሼ፣ ጠመንጃ አልይዝም፣ እዚያ ቢያንስ የምሰፋበት ክር አለ። እናታቸው ደግሞ ብልጥ ናት። እምቢ ብትል ልጁ ያዝንባታል፣ እሺ ብትል ራሷ ሸኘችው ማለት ነው፤ ስለዚህ ታላቅህ ካልመረቀህ እኔም አልመርቅህም፣ አባትህ እሱ ነው ብላ ነገሩን ከጉያዋ አውጥታ ባሕር ማዶ ወረወረችው። ሲራክም ሳይመረቅ እግሩን የሚያነሳ ልጅ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለ እንኳ ፈተና ሊገባ ሲል ደውሎ ሳይመረቅ እርሳስ አይዝም ነበር፣ ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር። ስለዚህ ልጁን የሚያስቀረው የዋለልኝ ዝምታ ብቻ ነው። ጎሕ እስኪቀድ ዝም ካለ መኪናው ጥሎት ይሄዳል። የዚያ ጎሕ ደግሞ እዚህ ምሽት ነው፣ ዛሬ ማታ።

ሐኪም ሆኜ ነው የምገባው። ዋለልኝን ያቃጠለው ይህች ቃል ናት፣ ምክንያቱም ያውቃታል፤ የሚጠብቀው ቤት ባለቤት የተናገራት ናት። የቤቱ ባለቤት ከሞተ ሁለት መቶ ምናምን ዓመቱ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ አሮጌው ከተማ በሚሉት ሰፈር፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለ የጡብ ቤት ነው፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል፤ ዋለልኝ ማታ ማታ ይጠብቀዋል። በአማርኛ ሲጠይቁት ሴኩሪቲ ነኝ ይላል፣ ለራሱ ግን ዘበኛ ነኝ ይላል፣ የኮሎኔሉ ቤት ዘበኛ። ሥራ የሚገባው የቀኑ የመጨረሻ ጉብኝት ሳያልቅ ነው፤ በር ላይ ተቀምጦ ማርጋሬት፣ ያቺ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ለጎብኚዎች የምትናገረውን ይሰማል፤ ከመስማት ብዛት ራሱ ቢናገረው አንድ ቃል አይስትም። ዳንከን ሌርድ ስኮትላንድ ተወለደ፣ አባቱ ድሃ ቄስ ነበር። ሕክምና ተማረ፣ የመርከብ ሐኪም ሆነ፣ ትምባሆ ልትጭን የመጣች መርከብ በዚሁ በፖቶማክ ወንዝ አምጥታ ጣለችው። በማግስቱ ሥራ ጀመረ። እዚህ ላይ ዋለልኝ ሁልጊዜ ይበግናል፤ በማግስቱ ትላለች እኮ፣ ሳታፍር፣ በማግስቱ የሰው እግር ቆረጠ፤ ላይሰንስ የለ፣ ፈተና የለ፣ ዩኒቨርሲቲው ማስረጃውን በቀጥታ ይላክልን የለ፣ ከመርከብ ወርዶ መጋዙን ማንሳት ብቻ። ሲራክ ቢመጣ ስንት ዘመን ደጅ ይጠና ነበር፣ ስካይላይን ያሉትን ሐኪሞች አላየም ወይ፣ አንዱ ኡበር ይነዳል፣ አንዷ አረጋውያን ታጥባለች። ከዚያ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከተራሮቹ ማዶ በሰው መሬት ሲጣሉ የቅኝ ግዛቱ ጦር ሐኪም አጣ። ሌርድ ተነሳ፤ ሐኪም ሆኜ ነው የምሄደው አለ። ሻምበሉ ተመትቶ ሲወድቅ መሪ ጠፋና ለጊዜው አንተ ያዝ ተባለ። ለጊዜው። ከዚያ ሻለቃ ሆነ፣ ከዚያ ኮሎኔል። ላይኛው ፎቅ ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሕክምና ምላጮቹ ተደርድረዋል፤ ያብረቀርቃሉ፤ ጎብኚው እንዴት እንዲህ ሳይበላሹ ቆዩ ብሎ ይደነቃል፤ ማርጋሬት ትመልሳለች፣ ከጦርነቱ ከተመለሰ በኋላ ነክቷቸው አያውቅም። ከጎናቸው ሰይፉ አለ። የሰይፉ ስለት ተበልቷል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ማርጋሬት የትምህርት ቤት ልጆች ባሉበት ቀን የማትናገረው። ሌርድ ገና ሐኪም ብቻ ሳለ ከተራራው ሥር በነበረ የአገሬው ተወላጆች መንደር ፈንጣጣ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሱ ሄዶ አስታሟቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ ኮሎኔል ሆኖ፣ ያንኑ መንደር አቃጥል የሚል ትእዛዝ ደረሰው። በበረዶ ወራት ሄደ። ሰዎቹ ከሩቅ አዩት፣ የፈረስ ላይ አቀማመጡን አወቁት፣ ሐኪሙ መጣ ተባባሉ። ከየቤታቸው ሕመምተኞቻቸውን አወጡ፤ ሽማግሌዎቹን ደግፈው፣ የሚያስሉትን ልጆች በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ መንገድ ዳር ተሰልፈው ጠበቁት። ከኋላው ያሉት ወታደሮች ችቦ ይዘው ነበር። ማርጋሬት እዚህ ላይ ድምጿን ዝቅ ታደርግና ወደሚቀጥለው ክፍል እንለፍ ትላለች፤ የሚቀጥለው ክፍል የሸክላ ሳህኖች ነው። ዋለልኝ ግን አያልፍም። ዐይኑን በጨፈነ ቁጥር መንገድ ዳር ይቆማል፣ የቆሙት ሰዎች ደግሞ ብርድ ልብስ የለበሱ አይደሉም፣ ነጠላና ጋቢ ነው የለበሱት፣ መንገዱም አስፋልቱ ያለቀ የቆላ መንገድ ነው፣ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ዶክተር ሲራክ መጣ ትላለች፣ ያ ባለፈው ክንድህን ያሰረልህ ዶክተር፣ ተነሥ እማዬ ትሙት ተነሥ፣ ትላለች፤ መኪናው ይቀርባል፣ የሲራክ ፊት አይታይም፣ ኮፍያ አድርጓል። ሣር አጫጁ ሞተሩን አጠፋ። ጸጥታው ከጩኸቱ ባሰ።

ስልኩ ሲጮህ በርግጎ ተነሳ። ሲራክ አይደለም፣ ጋሽ ሳህሉ ናቸው፤ ስካይላይን የሚኖሩ፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣ ያስታረቁት ባልና ሚስት የማይቆጠር ሽማግሌ። እናቱ ደውላላቸዋለች፤ ይኸው፣ ነገሩን ባሕር ማዶ መወርወሯ ሳያንስ እላዩ ላይ ሽማግሌ ላከችበት። ዲስተርብ አደረግሁህ እንዴ፣ ሺፍትህ ማታ መሆኑን ረስቼ ነው አሉ፤ አይ ጋሽ ሳህሉ፣ አልተኛሁም አለ። ስለ ጉልበታቸው ነገሩት፣ ሐኪማቸው ለሌላ ሐኪም ሪፈር እንዳደረጋቸው፣ ሁለተኛው ሐኪም ደግሞ ወደ መጀመሪያው እንደመለሳቸው፤ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ስማ ልጄ፣» አሉ፤ «ብትመርቀው አንተ ላክኸው ማለት አይደለም። ሳትመርቀው ሄዶ አንድ ነገር ቢሆን ግን ዕድሜ ልክህን አይለቅህም። ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግርህ።»

«ካልመረቅሁት እኮ አይሄድም ጋሽ ሳህሉ።»

«ዛሬ አይሄድም። በሚመጣው ወር ሳይነግርህ ይሄዳል። ያኔ ምን ትይዛለህ?»

 ሽማግሌው አልተቆጡም፣ አልገፉም፤ እንደ ወጉ መርቀው፣ እሱም አሜን አሜን ብሎ ስልኩ ተዘጋ፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ንዴቱ መጣበት። ሁሉም ይመክራል። ቢመርቅ ገዳይ እሱ ነው፣ ባይመርቅም ገዳይ እሱ ነው፤ እናቱ ለእሱ፣ ወንድሙ ለእሱ፣ እሱስ ለማን ይወርውረው። ተነስቶ ውሃ ጠጣ፣ የፍሪጁን በር ሲዘጋ ፎቶው ወደቀ፣ አነሳው፣ መልሶ ለጠፈው። ሲራክ አንድ ጊዜ ውሰደኝ ብሎት ነበር እኮ። ዋለልኝ ዜግነት እንዳገኘ ለወንድሙ አመልክቷል፤ ያመለከተበትን ቁጥር ድረ ገጹ ላይ እያስገባ ያያል፣ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው፣ ማመልከቻዎ ደርሶናል፣ ዓመት ይመጣል ዓመት ይሄዳል ማመልከቻዎ ደርሶናል፤ ወንድም በወንድም ወረፋው እንደዚህ ነው አለው ጠበቃው፣ ልጅህ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። ልጄ ነው እኮ ሊለው ቃጥቶት ነበር። ለሲራክ ግን እየመጣ ነው፣ ትንሽ ቀረው ሲለው ኖረ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ጠዋት፣ ዩኒፎርም እንድትለብስ አይደለም ያስተማርኩህ ብሎ በቁጣ ሲናገረው ሲራክ፣ አንተም እኮ ዩኒፎርም ነው የምትለብሰው ጋሼ፣ ለክፋት አይደለም አለው። ለክፋት እንዳልሆነ ያውቃል። ለዚህ ነው ያመመው።

ዩኒፎርሙን ለበሰ። ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ትከሻው ላይ የድርጅቱ አርማ፣ ደረቱ ላይ ዋል ብቻ የሚል ስም፣ ሙሉው ስም አልገባ ብሎ። ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ መድረክ ላይ ቆሞ ደወለ፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አለችው ያቺ ሴትዮ፣ በአማርኛ ብላ በእንግሊዝኛ ደገመችለት፣ ለሁለት አገር የሚሆን ክልከላ። ባቡሩ መጣ፣ ከመሬት በታች ገባ፣ ስልኩ ሞተ፤ ቢጫውን መስመር ሊይዝ ወርዶ ቆመ፣ ባቡሩ በጥገና ምክንያት ዘገየ ተባለ፤ በማን ጥገና፣ የማን ምክንያት፣ አይነገርም። ምን እንደሚል ያስባል። እምቢ ልበለው። እምቢ ሳልል ልለምነው። ልቆጣው፤ ቁጣ ጠዋት አልሠራም። ባቡሩ ከምድር ወጥቶ ድልድዩ ላይ ሲሆን ፖቶማክ ከሥር ሰፍቶ ይታያል፣ የማታ ፀሐይ ውሃው ላይ ነው፣ ሌርድ ከመርከቡ ጫፍ ሆኖ ይህንኑ እያየ ነው፣ ገና ወጣት ነው፣ መጋዙና ምላጩ በሣጥን ነው፣ ሰው ሊያድን ነው የመጣው፤ ያኔ የሚያስቆመው ታላቅ ወንድም ነበረው ይሆን? ማርጋሬት ስለ ወንድም ተናግራ አታውቅም። እነግረዋለሁ አለ ዋለልኝ በልቡ። ይህን ሰውዬ እነግረዋለሁ።

ሲደርስ የመጨረሻዎቹ ጎብኚዎች ወጥተዋል፤ ማርጋሬት መስኮቶቹን እየዘጋች ነው። ፊትህ ጥሩ አይደለም አለችው፤ እንቅልፍ ነው አላት። በሩ አጠገብ ቆሞ ደወለ። በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ።

«ጋሼ፣» አለ ሲራክ በሹክሹክታ፤ «እማዬ ተኝታለች። ሻንጣ እያሰርኩ ነው።»

ዋለልኝ ሰላምታውንም ሳይጨርስ ነገረው። ስኮትላንዱን፣ መርከቡን፣ ሐኪም ሆኜ ነው የምሄደው ማለቱን፣ ለጊዜው መባሉን፣ ዝገት የማያውቁትን ምላጮች፤ ከዚያ መንደሩን፣ በረዶውን፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው መንገድ ዳር የቆሙትን ልጆች፣ ችቦውን።  ማርጋሬት ቋንቋውን ባታውቅም የሌርድን ስም ሰምታ ቀና ብላ አየችው። ሲጨርስ ከደሴ የሚመጣው ድምፅ የዝናብ ብቻ ሆነ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ።

«ከዚያስ?» አለ ሲራክ።

«ከዚያማ አቃጠለው።»

«እሱን አይደለም የምልህ። የወጡትን ሕመምተኞች። አያቸው?»

ዋለልኝ ይህን አስቦት አያውቅም። ቆይ አለውና ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ማርጋሬትን ጠየቃት፣ ኮሎኔሉ ያን ቀን የወጡለትን ሕመምተኞች አክሟቸዋል ወይ ብሎ። መስኮቱን ይዛ ቆመች። ማንም አልጻፈውም አለች፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስናገረው ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«አይታወቅም፣» አለው ለወንድሙ።

«እኔ ብሆን አያቸዋለሁ።»

«ከኋላህ ያሉትስ? ችቦ ይዘው አንተ መርምረህ እስክትጨርስ ይጠብቁሃል?»

ዝናቡ ይወርዳል። ዋለልኝ ከዚህ በላይ ልጁን የሚይዝበት ገመድ የለውም። ሲራክ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እሺ ጋሼ፣» አለ። «ሳትመርቀኝ አልሄድም ብዬሃለሁ። ቃሌ ቃል ነው። ካልክ ይቅር።»

ይቅር። ዋለልኝ በሩን ተደግፎ ቆመ፤ ሰው ከደስታም እንዲህ ይዝላል ለካ። ከዚያ በኋላ ያወሩት የወግ ነው፤ የእናታቸው ወገብ እንዴት ሆነ፣ ቅባቱ ደረሰ ወይ፣ ዝናቡ ዘንድሮ በረታ፣ ሆስፒታሉ የለቀቅኸውን ቦታ መልሶ ይሰጥሃል ወይ፣ ይሰጠኛል ሰው የት አለ። ሲራክ ሳቀ፣ ትንሽዬ ሳቅ፣ ከግንቦት ወዲህ ያልተሰማች። ዋለልኝም ሳቀ። ቀኑን ሙሉ በጥርሱ የያዘው ነገር ሁሉ ላላ፣ ትከሻው ላላ፣ እንቅልፉ በዚያች ደቂቃ መጣ፣ ቆሞ ሊተኛ ምንም አልቀረውም፤ አሁን ዐረፍ በል፣ እኔም ሥራዬን ልያዝ አለና ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ አባቱ በደጃፉ እንደሚያደርጉት፣ ለኢንሹራንሷ ልጅ እንዳደረገው፣ ሳያስበው፣ «በል እግዚአብሔር ይከተልህ፣ በሰላም ያግባህ፣» አለው።

 ከማዶ ዝናቡ የቆመ መሰለው። ከዚያ ሲራክ፣ ቀስ ብሎ፣ በሁለት እጁ እንደሚቀበል ሰው፣ «አሜን፣» አለ።

ከእሱ ቀጥሎ፣ በጣም ከቅርብ፣ ከስልኩ አጠገብ፣ ሌላ አሜን ተሰማ። ተኝታለች የተባለችው እናቱ ናት።

«አሜን፣ አሜን፣» አለች፤ «በቃ ልጄ፣ ታላቅህ መርቆሃል። ሻንጣህን ጨርስ።»

«አመሰግናለሁ ጋሼ፣» አለ ሲራክ፤ ድምፁ እንባ ነበረበት፤ ስልኩ ተዘጋ።

ዋለልኝ መልሶ ደወለ። ያቺ ሴትዮ በአማርኛ ነገረችው፣ በእንግሊዝኛ ደገመችለት። ደግሞ ደወለ። ቢያነሳለትስ ምን ሊለው ነው? ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ አልመረቅሁህም ሊለው ነው? ምርቃቴን መልሻለሁ ማለት መርገም ነው፤ ለዘመቻ የሚሄድን ልጅ የሚረግም የትኛው ታላቅ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጁ ነገሩን ሳያውቅ ቀርቶም አይደለም፣ ሲራክ ሞኝ አይደለም፣ የታላቁ አፍ እንዴት እንደሚያመልጥ ከማንም በላይ ያውቃል፤ አውቆ ነው የተቀበለው፣ እናትየውም አውቃ ነው፣ የሚፈልጓት ቃል በገዛ እግሯ መጣችላቸው። ተናደደ፤ በሲራክ አይደለም፣ በእናቱም አይደለም፣ በገዛ ምላሱ፣ አባቱ ባስለመዱት በዚያ ደግ ነገር ላይ ተናደደ፣ በደግ ነገር ላይ መናደድ ደግሞ መውጫ የለውም። ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። ውጭ ገና አልጨለመም፤ ደሴ ግን ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይነጋል፣ መኪናውም ይመጣል።

ማርጋሬት ቦርሳዋን አንግታ መጣች፣ ቁልፎቹን ሰጠችው። መልካም ምሽት አለች። በየማታው እዚህ በር ላይ ሲሰነባበቱ ያንኑ ምርቃቱን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይላታል፤ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች፣ ሳትሰማው አትሄድም። ዛሬም እንደ ልማዷ የበሩን እጀታ ይዛ ቆመች፣ ጠበቀችው። ዋለልኝ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ራሱን ብቻ ነቅንቆ እሺ አላት። ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ሳትመረቅ ወጣች፤ እሱም በሩን ከውስጥ ቆለፈ።